የውሻ ንክሻ መዝገብ፦ የሦስት ዓመት ቁጥር አለን፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ግን ምን ይነግረናል?

የወረዳ ቅኝት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በበሽታ ቅኝት ላይ የምትሠሩም የእንስሳት ሐኪሞችም ያላችሁበት መድረክ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ።

ከጤና ጣቢያዎቻችን ተመላላሽ ሕክምና መዝገብ የ2014፣ የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. የውሻ ንክሻዎችን ወደ ኤክሴል ገልብጠናል። ያሉን ዓምዶች ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የታካሚው ቀበሌ፣ የቁስሉ ቦታና ክትባት መጀመር አለመጀመሩ ናቸው። በየወሩ ደምረን ግራፍ ስናወጣው መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ወረርሽኝ የሚመስል መልክ ግን አላገኘንበትም። ጭራሽ ውሾች በዘመቻ ከተከተቡ በኋላ ባሉት ወራት ቁጥሩ ጨመረ፤ አሁን «ታዲያ ዘመቻው ምን ጠቀመ?» የሚል ጥያቄ ከበላይ መጥቶብናል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከእንግዲህ ምን ምን ዓምድ ይጨመር? ስንት ንክሻ ሲመዘገብ ነው «እብድ ውሻ ገብቷል» ብለን መነሣት ያለብን? የውሾቹ ክትባት መሥራቱንስ በየትኛው ቁጥር ማየት ይቻላል? ያለን ኤክሴልና ኪውጂአይኤስ (ነጻ የካርታ ሶፍትዌር) ነው፤ ሌላ የምንገዛበት በጀት የለም።

መስክ ኤፒ

ግራፉ ምንም አላጠፋም፤ መዝገባችሁ የሰው መዝገብ ነው፣ በሽታው ደግሞ የውሻ ነው። ቫይረሱ የሚዞረው ከውሻ ወደ ውሻ ሲሆን ሰው ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ያበቃል። አንድ ያበደ ውሻ በአንድ ጠዋት ስድስት ሰው ነክሶ ቢያልፍ እናንተ ጋ ስድስት ረድፍ ይሆናል። ስድስት ሰዎች በየሰፈሩ በስድስት ጤነኛ የግቢ ውሾች ቢነከሱም ያው ስድስት ረድፍ ነው። በወር ድምር ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ በእሱ ላይ አንድ ረድፍ አንድ ውሻ ይሁን። ለእያንዳንዱ ውሻ መለያ ስጡት፦ የነከሰበት ቀበሌ ኮድ፣ ዓመት፣ ተራ ቁጥር፤ ለምሳሌ 04-16-07። በሰዎቹ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨምራችሁ ይህንኑ መለያ ጻፉ። ሁለቱ ሠንጠረዦች የሚገናኙት በዚያ ብቻ ነው።

በውሻው ረድፍ ላይ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቀለሙ ከአጭር ዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቡላ፣ ዥጉርጉር በቂ ነው። መጠኑ፣ ፆታው፣ ባለቤት አለው ወይስ የለውም፣ የክትባት ካርዱ በዓይን ታይቷል ወይስ «ተከትቧል» ተብሎ ብቻ ነው። ሲነክስ ምን ሆኖ ነበር? ሲበላ ነክተውት፣ ግልገሏን ሲያነሡባት፣ ግቢ ሲገቡበት ወይስ መንገድ ላይ ያለ ምንም ምክንያት? በዚያው ቀን ሌላ ስንት ሰው፣ ስንት ውሻ፣ ስንት ከብት ነከሰ? ይህችኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት፤ ከሁሉም በላይ የምትናገረው እሷ ናት። ለምግቡ ወይም ለግልገሉ ሲል የነከሰ ውሻ አንድ ሰው ነክሶ ይመለሳል። ያበደው ግን መንገድ ይዞ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ ይሄዳል።

የተለያዩ ታካሚዎች የነገሯችሁ ውሻ «ያው ነው» የምትሉበት ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ። እኔ የምመክረው፦ ቀለሙና መጠኑ ከተመሳሰለ፣ ቀኑ ያው ወይም ማግስቱ ከሆነ፣ ቦታው በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ ለጊዜው አንድ ውሻ ነው በሉ፤ ተጣርቶ ሁለት ሆኖ ሲገኝ ይከፈላል። ደንብ ከሌለ አንዱ ጸሐፊ ያዋህዳል፣ ሌላው ይከፋፍላል፤ የሁለት ጤና ጣቢያ ቁጥርም መወዳደር አይችልም።

ቦታውን በተመለከተ፣ እናንተ የያዛችሁት የታካሚውን ቀበሌ ነው። ካርታ ላይ መውጣት ያለበት የተነከሰበት ቦታ ነው። ገበያ ሄዶ የተነከሰ ሰው መኖሪያው ሦስት ቀበሌ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ በመኖሪያው ካሰፈራችሁት የገበያው ውሻ በወረዳው ሁሉ የተበተነ ይመስላል። ጎጡንና አንድ የሚታወቅ ምልክት ይጻፉላችሁ፦ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ወፍጮ ቤት። የጂፒኤስ ነጥቡን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትወጣ በስልኳ ትወስደዋለች።

ሌላ ነገር፤ ታካሚው የተናገረውን ቃል አትለውጡበት። ሰው «ነከሰኝ» ሲልና «ለከፈኝ» ሲል አንድ ነገር ማለቱ አይደለም። «ለከፈኝ» ያለ ሰው ውሻው አብዷል ብሎ ያመነ ነው፤ ያመነበትን ምክንያት ጠይቁት። ካርድ ክፍል ሲደርስ ሁሉም «የውሻ ንክሻ» ተብሎ ስለሚጻፍ ይህ መረጃ በር ላይ ይቀራል።

ስለ ዘመቻው፦ የተከተበ ውሻም ይነክሳል፤ ክትባቱ ጥርሱን አያወልቅም። እንዲያውም በዘመቻ ጊዜ በድምፅ ማጉያ «የተነከሰ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ» ስለሚባል ቀድሞ ቤቱ ይቀር የነበረው ሰው ይመጣልና የንክሻ ቁጥር ቢጨምር የሚጠበቅ ነው። ለአለቆቻችሁ የምታሳዩት በየሩብ ዓመቱ የተመዘገቡ ተጠርጣሪ (አብደዋል ተብለው የተጠረጠሩ) ውሾችን ቁጥርና ከጠቅላላው ነካሽ ውሾች ያላቸውን ድርሻ ነው። ክትባቱ ከሠራ ንክሻው እንዳለ ሆኖ ተጠርጣሪው ይሳሳል።

ዕድሜንም እዩ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የእናንተ መዝገብ ላይ ልጆች በጣም ጥቂት ከሆኑ «ልጆቻችን አይነከሱም» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ቁጣ ፈርተው የደበቁ ወይም ወደ ባህል መድኃኒትና ጠበል ብቻ የተወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ። በበሽታው የሞተ ሰው ሲገኝም የመጀመሪያ ሥራችሁ ስሙን በንክሻ መዝገቡ ላይ መፈለግ ይሁን። ከሌለ መዝገባችሁ ምን ያህል እንደሚያፈስ አወቃችሁ ማለት ነው።

የከብት ሐኪም

መስክ ኤፒ ያላነሡት «መጨረሻው» የሚለው ዓምድ አለ፤ ከውሻው በኩል ትልቁ እሱ ነው። ሊኖሩት የሚገቡት አራት መልሶች ብቻ ናቸው፦ በ10ኛው ቀን በሕይወት ታየ፣ ሞተ፣ ተገደለ፣ ጠፋ። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው «ጠፋ» የሚለው ባዶ ተትቶ በኋላ እንደ «ደህና» ስለሚቆጠር ነው። «ተሸጠ» እና «ገጠር ላክነው» የሚሉትም ጠፋ ናቸው። ከንክሻ በኋላ የጠፋ ውሻ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ተጠርጣሪ ነው።

10 ቀን የተባለበት ምክንያት ይህ ነው። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ የሚወጣው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻው ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ቫይረስ ቢኖረው 10 ቀን ሳይሞላ ይታመማል ወይም ይሞታል። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያች ንክሻ አላስተላለፈም። ከዚያ አልፋችሁ አትተርጉሙት፤ ከሳምንት በፊት በሌላ ውሻ ተለክፎ ቫይረሱ ገና ወደ አንጎሉ እየሄደ ያለ ውሻም 10 ቀኑን ያልፋል። ደንቡም የውሻና የድመት ነው፤ ለጅብ፣ ለቀበሮ ወይም ለአህያ አይሠራም።

ክትትሉ በ1ኛ፣ በ5ኛና በ10ኛው ቀን በስልክ ይሁን። ባለቤቱን «ውሻው ደህና ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ካሣ ይጠይቁኛል ብሎ የፈራ ባለቤት መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው» ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ ዛሬ ጠዋት ምን በላ? ውኃ ጠጣ? ድምፁ ጎርንኗል ወይ? የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል? እንጨት ወይም ድንጋይ ይነክሳል? በ10ኛው ቀን የውሻውን ፎቶ ይላክላችሁ ወይም አንድ ሰው በዓይኑ ይየው።

ውኃ መፍራት የሰው ምልክት ነው። ያበደ ውሻ ወንዝ ሲሻገርም ሊጠጣ ሲሞክርም ይታያልና «ውኃ ጠጥቷል፣ አላበደም» ተብሎ ከዝርዝር እንዳይወጣ። ከሚቆጣው ዓይነት ሌላ ዝም የሚለው ዓይነት አለ፦ መንጋጋው ይወርዳል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጨለማ ቦታ ይተኛል። ባለቤቱ አጥንት ሰነቀረው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ ሰው አልተነከሰም፤ በንክሻ መዝገብ ላይም አይወጣም፤ ተጋላጭነቱ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ «ያለ ንክሻ ንክኪ» የሚል ምርጫ በሰዎቹ ሠንጠረዥ ላይ ይኑር።

ከተገደለ ወይም ከሞተ ጭንቅላቱ ናሙና ነው። ሲገድሉት ጭንቅላቱን እንዳይመቱት አስቀድሞ ለቀበሌው ሚሊሻና ለወጣቶቹ ይነገር፤ የተፈረካከሰ አንጎል ለምርመራ አይሆንም። አንገቱን የሚቆርጠው ቅድመ መከላከያ ክትባት የወሰደ ባለሙያ፣ ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና የፊት ጭምብል አድርጎ ነው። በመጥረቢያ አይቆረጥ፤ ፍንጣሪው አደገኛ ነው። ጭንቅላቱ በሁለት ድርብ ላስቲክ ታስሮ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ በአይስ ፓክ በታጨቀ ቫክሲን ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ይሄዳል፤ ያ ካሪየር ከዚያ ወዲያ ለክትባት አያገለግልም። ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱት፤ የተለመደውን የፍሎረሰንት ምርመራ ያበላሻል። በረዶ በሌለበት 50 በመቶ ግሊሰሪን ያለው ጨዋማ ውኃ ይሠራል። ቦታውና ቢላው በበረኪና ይታጠባሉ፣ ቀሪው አካል በጥልቀት ይቀበራል። ምርመራው አዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይ የውሻው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ አለዚያ ውጤቱ ሲመለስ ከየትኞቹ ሰዎች ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቅ አይገኝም።

ቁጥር ወዳድ

ስለ ቀን ማንም አላነሣም፤ የሦስት ዓመት መረጃችሁ ግማሽ ችግር እዚያ ይመስለኛል።

የኮምፒውተሩ አቀማመጥ የአሜሪካ ከሆነ ኤክሴል 5/13/2015 ብላችሁ የጻፋችሁትን ጳጉሜን 5 ቀን ሜይ 13 አድርጎ ይይዘዋል፤ ስህተት ነው ብሎም አያስጠነቅቅም። 30/2/2016 (ጥቅምት 30) ብትጽፉ ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ከግራፉም ይወድቃል። መፍትሔው ቀን፣ ወር፣ ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር መጻፍ ነው። በአራተኛው ዓምድ ይህን ስሌት አስገቡ፦

365 × ዓመት + ዓመት ለ4 ተካፍሎ ቀሪው የተጣለ + 30 × ወር + ቀን − 691194

ውጤቱን በቀን መልክ ስታሳዩት የፈረንጁን ቀን ይሰጣችኋል። ለማረጋገጥ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016ን ሞክሩት፤ 45298 መውጣት አለበት፤ እሱም ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ነው፣ የዚያ ዓመት ገና።

ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ቆጥራችሁ ከሆነ በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ግራፉ ይወድቃል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ከ30 ቀን ጋር ተወዳድሮ ነው። ወይ ከነሐሴ ጋር ደምሩት ወይ፣ የሚሻለው፣ ከሰኞ እስከ እሑድ በሚሄደው የቅኝት ሳምንት ሥሩ።

ሁለት ቀን ያዙ፦ የተነከሰበትና የመጣበት። ካርታውና ግራፉ በተነከሰበት ቀን ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ቁጥር ነው፤ የየቀበሌውን መካከለኛ እዩ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሰው በአንድ ቀን ሲመጣ፣ ሌላው ጋ በስድስት ቀን ከሆነ የሚመጣው፣ ያ ሁለተኛው ቀበሌ የሚያሳያችሁ ንክሻ ከእውነቱ ያነሰ ነው።

ስንት ሲሆን እንነሣ ላላችሁት፦ በትንንሽ ቁጥር ላይ «አማካይ ሲደመር ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን» (የቁጥሮች መበታተን ልኬት) አትሥሩ። አንድ ቀበሌ በወር በአማካይ 4 ንክሻ ካለው፣ ምንም ሳይኖር እንዲሁ በአጋጣሚ 8 ወይም ከዚያ በላይ የሚደርስበት ዕድል 5 በመቶ ገደማ ነው። 20 ቀበሌ ካላችሁ በየወሩ አንዱ በከንቱ ይጮኻል። ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የወጣ ቡድን በአራተኛው አይወጣም። 10 እና ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ በኤክሴል ያለው የፖይሰን ፎርሙላ (እንዲህ ያለውን የአጋጣሚ ዕድል የሚያሰላው) ለየቀበሌው ያወጣላችኋል።

እኔ ግን ዋናውን ማንቂያ በውሻ ላይ አደርገው ነበር። አንድ ውሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከነከሰ በዚያው ቀን ሰው ይውጣ። በአንድ ወይም በተጎራባች ቀበሌ በ30 ቀን ውስጥ ሁለት ተጠርጣሪ ውሻ ከተገኘ ደግሞ ሰንሰለት አለ ብላችሁ ያዙ። 30 ቀን ያልኩት ውሻ ተለክፎ እስኪታመም በብዛት ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚወስድ፣ አጭሩን ጫፍ ለመያዝ ነው። በሌላው ጫፍ፣ አንድ ተጠርጣሪ ያለበትን ቀበሌ ቢያንስ ሦስት ወር ከዝርዝር አታውጡት።

ቀበሌን ከቀበሌ ስታወዳድሩ በሕዝብ ብዛት አካፍሉ። 6,200 ሰው ያለበት ቀበሌ በስድስት ወር 9 ንክሻ ቢኖረው በዓመት ከ100,000 ሰው 290 ያህል ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሻው የክትባት ካርድ ካለው ታካሚውንም ውሻውንም ከዝርዝሩ ማውጣት አይቻልም? ባለቤት ያለው ከሆነስ ክትባት ከማባከን 10 ቀኑን ጠብቆ መጀመር አይሻልም?

የከብት ሐኪም

ሁለቱም አይሆንም። ካርድ ያለው ውሻ ከበሽታው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ክትባቱ ጊዜው ያለፈ፣ ከቅዝቃዜ ውጭ የከረመ ወይም ከተለከፈ በኋላ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ካርዱን በዓምዱ ጻፉ፣ ውሻውን ግን ተከታተሉት። እንዲያውም የተከተበ ውሻ ታሞ ቢገኝ ስለ ክትባታችሁ አያያዝ ትልቅ መረጃ ነው።

ሰውን በተመለከተ መጠበቅ የለም። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ክትባቱም በዚያው ቀን ይጀመራል። በ10ኛው ቀን ውሻው ጤነኛ ሆኖ በዓይን ከታየ ቀሪውን ማቆም ይቻላል። ቁጠባው እዚያ ላይ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጀመርን ብክነት አትበሉት።

የወረዳ ቅኝት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ የቀኑን ስሌት ሞክሬው ሠርቷል፣ የጳጉሜኑም ነገር ተገለጠልኝ። የቀረኝ፦ በመዝገቡ ላይ ንክሻ በድንገት የሚጠፋባቸው ወራት አሉ። ከፋርማሲው ጋር ሳመሳክር ክትባት ያለቀባቸው ወራት ናቸው። እነዚህን እንዴት ላድርጋቸው?

የመድኃኒት መስኮት

አትጣሏቸው፣ እንዳሉም አትቁጠሯቸው። ሰው ክትባት እንደሌለ ከሰማ አይመጣም፤ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል ወይም ይተወዋል። ከቢን ካርዱ (የፋርማሲው የዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ) ላይ ክትባት በእጅ የነበረበትን ቀን ለየወሩ ቁጠሩና በዚያ አካፍሉ። ለምሳሌ በአንድ ወር 30ውም ቀን ክትባት ኖሮ 12 ሰው ቢመጣ በቀን 0.4 ነው። በሚቀጥለው ወር 12 ቀን ብቻ ኖሮ 5 ሰው ቢመጣ 0.42 ነው። በግራፉ ላይ ከግማሽ በላይ የወደቀ የሚመስለው ወር በእውነቱ አልወደቀም። ክትባት ጨርሶ ያልነበረበትን ወር ዜሮ ብላችሁ አታስገቡ፤ ባዶ ተዉትና ግራፉ ላይ ግራጫ ቀቡት።

መዝገቡ ለእኛም ይጠቅመናል። በጡንቻ የሚሰጠው በ0 (የመጀመሪያው ዙር ቀን)፣ 3፣ 7 እና ከ14 እስከ 28 ባለው ቀን አራት ብልቃጥ ነው፤ አምስት ዙር በሚሰጥበት ቦታ አምስት። በቆዳ ውስጥ የሚሰጠው በ0፣ 3 እና 7 ቀን በሁለት ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር ሲሆን በድምሩ 0.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈጃል። የተከፈተ ብልቃጥ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተይዞም ቢሆን ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ይጣላል፤ ስለዚህ ቁጠባው የሚታየው በቀን ብዙ ታካሚ በሚመጣበት ጣቢያ ነው። ከየጣቢያው የቀን አማካይ ጋር አስተያዩና የአገሪቱ መመሪያ በሚያዘው መርሐ ግብር መሠረት ክትባቱ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ። ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ጭን ላይ ነው፤ መቀመጫ ላይ አይወጋም። እያንዳንዱ ዙር የተሰጠበት ቀን የየራሱ ዓምድ ይኑረው፤ «ክትባት ተጀምሯል» የሚለው ዓምዳችሁ ሦስተኛው ዙር ላይ የቀረውን ሰው አያሳይም።

የወረዳ ቅኝት (ጠያቂ)

የ2016ን ስልክ ያላቸውን ታካሚዎች እየደወልን ውሾቹን ለመለየት ሞክረን ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ አራቱ ወንዙን ተከትለው በሚሄዱ ሦስት ቀበሌዎች ላይ ናቸው፤ ቀናቸውም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ዛሬ ብናየው ኖሮ ምን ማድረግ ነበረብን? ከማኅበረሰቡ የሚመጣው ጥያቄ ያው «ባዘኑትን ግደሉልን» ነው።

መስክ ኤፒ

ከላይ ወደ ታች መውረዱን ከማመናችሁ በፊት የመጀመሪያው ቀበሌ ጤና ጣቢያ ቀድሞ ክትባት ስለነበረው እንዳይሆን የመድኃኒት መስኮት ባሉት መንገድ አጣሩ። ከዚያ በካርታው ላይ ነጥቦቹን በቀን ቅደም ተከተል በመስመር አገናኙ። ያበደ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከሰፈሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይነክሳል፤ ጥቂቶቹ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ስለዚህ ክትባቱ ውሻው በተገኘበት ቀበሌ ብቻ አይታጠር፤ የሚያዋስኑትንም ይያዝ፣ በተለይ ገና ያልደረሰበትን የታችኛውን። እሳት በነደደበት ሳይሆን ወደሚሄድበት ነው ሣሩ የሚታጨደው።

በመግደል ጉዳይ፣ ለምን እንደማይሠራ ለሕዝቡ በቁጥር ንገሯቸው። ግድያ ሲወራ ባለቤቱ ውሻውን ወደ ዘመድ ቀበሌ ያሸሻል፤ ከተለከፈም በሽታው አብሮ ይጓዛል። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ ስለዚህ የከፈላችሁበትን መከላከያ ትገድላላችሁ። በወራት ውስጥ ደግሞ ቦታው ባልተከተቡ ቡችሎች ይሞላል። ግብ የሚደረገው ከውሾቹ 70 በመቶ መከተብ ነው። ከሦስት ውሻ አንዱ በዓመት ውስጥ ሞቶ በአዲስ ከተተካ 70 የነበረው በዓመቱ 47 ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይደገማል። ቡችሎችም ይከተባሉ፤ «ገና ሦስት ወር አልሞላውም» ብሎ መመለስ በሚቀጥለው ዓመት ያልተከተበ ጎልማሳ ውሻ ማፍራት ነው።

ሽፋኑን በተሰጠው ብልቃጥ ቁጥር አትለኩት፤ ጠቅላላ ውሻው ስንት እንደሆነ አታውቁም። የተከተበው አንገቱ ላይ ጨርቅ ይታሰርለት ወይም ቀለም ይቀባ። በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሁለት ሰው በየመንገዱ እየሄዱ ምልክት ያለውንና የሌለውን ይቁጠሩ። 43 ያለው፣ 22 የሌለው ቢገኝ 66 በመቶ ነው፤ በዚያው ሳምንት ያ ሰፈር ይደገማል። ከዘመቻው ማግስት ይህን አድርጋችሁ ቢሆን ለአለቆቻችሁ ጥያቄ ግማሹን ትመልሱ ነበር።

የከብት ሐኪም

በተጠርጣሪው የተነከሱ ውሾችንም ያዙ። በውሻ ሠንጠረዥ ላይ «በማን ተነከሰ» የሚል ዓምድ ጨምሩና የነካሹን መለያ ጻፉ፤ ከዚያ ሰንሰለቱ ራሱ ይወጣላችኋል። ክትባቱ ወቅታዊ የሆነ ውሻ ወዲያው ተደግሞ ይከተብና ለ45 ቀን በክትትል ይቆያል። ያልተከተበው ወይ በሰብዓዊ መንገድ ይወገዳል ወይ ቢያንስ ለአራት ወር ማንም በማይደርስበት ይታሰራል፤ በገመድ ደጃፍ ላይ ማሰር መታሰር አይደለም።

ባሌ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ይህን ነገር ለቀይ ቀበሮም ብላችሁ አድርጉት። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የደረሱት የቀበሮ እልቂቶች ከውሾች በተሻገረ ቫይረስ ናቸው።

የወረዳ ቅኝት (ጠያቂ)

አንዲት የመጨረሻ። ከአራቱ ውሾች አንዱ ሰው አልነከሰም፤ የምናውቀው ሁለት አህያና አንዲት ጊደር ነክሶ በወር ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሞቱ ነው፣ መረጃው ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ክሊኒክ ነው የመጣው። የንክሻ መዝገብ ላይ ቦታ አለው?

ቁጥር ወዳድ

በሰዎቹ ሠንጠረዥ ላይ የለውም፣ በውሾቹ ላይ ሙሉ ረድፍ አለው። እንደሌሎቹ መለያ ስጡት፣ «ሰው የነከሰ» ዜሮ፣ «እንስሳ የነከሰ» 3 በሉ፣ ቀኑም አህዮቹ የተነከሱበት እንጂ የሞቱበት አይሁን። ከክሊኒኩ ጋር በየሰኞው ጠዋት አምስት ደቂቃ ተደዋወሉና ያለፈውን ሳምንት ሁለት ዝርዝር በቀለምና በጎጥ አስተያዩ። አህያዋ ላይ ጭነት ሲጭኑ፣ «አነቃት» ብለው አፏን ሲከፍቱ የነበሩትን ሰዎች ስም ጠይቁ፤ እነሱ ያለ ንክሻ ንክኪ ናቸውና በሰዎቹ ሠንጠረዥ ላይ በዚያው ውሻ መለያ ይገባሉ፣ ዛሬውኑም ይጠራሉ።